የዞሲሞስ ትከሻ

በሮም ወደብ በኦስትያ፣ ወንዙ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት፣ የእብነ በረድ መርከቦች በሚራገፉበት ሰፈር የኖረ ሰው መዶሻ ሲጮህ አይነቃም፤ ዝም ሲል ነው የሚባንነው። በዚያ ሰፈር የጥሮፊሞስንና የሄርማስን ኩርፊያ የማያውቅ ውሻ እንኳ አልነበረም። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች፣ በአንድ ግቢ ውለው በአንድ ግቢ የሚያመሹ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። "እንደምን አደርክ" እንኳ የለም! አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው "ይማርህ" ላለማለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። እንዲህ ያለ ግትርነት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ግቢው የአባታቸው የዞሲሞስ ነበር። ሲሞት ለሁለቱም ተወላቸው፤ እነሱም ሲጣሉ ከመሐል አሮጌ የመርከብ ሸራ ወጥረው ለሁለት ከፈሉት። ከሸራው ወዲህ ታላቁ ጥሮፊሞስ ገላ ይቀርጻል። ከሸራው ወዲያ ታናሹ ሄርማስ ራስ ይቀርጻል። እኛ ዘንድ ሐውልት እንዲህ ነው የሚሠራው። ወንዱ የሮም ዜጋ የሚለብሳትን ቶጋ እንደለበሰ፣ ሴቷ መጎናጸፊያዋን እንደተጎናጸፈች፣ ገላው አስቀድሞ ይጠረብና በትከሻና በትከሻው መሐል ጉድጓድ ተትቶለት ገዢ ይጠብቃል። ገዢ ሲመጣ ፊቱ ብቻ ይቀረጽለታል፤ የአንገቱም ጫፍ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱ ቢኮራረፉም መለያየት አልሆነላቸውም። ራስ የሌለው ገላ ማን ይገዛል? ገላ የሌለውንስ ራስ ማን ተሸክሞ ይሄዳል?

ጠባቸው የተነሣው ከዚሁ ከሥራቸው ነው፤ ያውም በአባታቸው መቃብር ላይ። ዞሲሞስ ባሪያ ሆኖ ተወልዶ ነፃ ወጥቶ የሞተ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ከከተማው በር ውጭ፣ መንገድ ዳር ሐውልቱ ቶጋ ለብሶ መቆሙ ወግ ነው። ጥሮፊሞስ ገላውን ቀረጸ፤ ሄርማስ ፊቱን ቀረጸ። እንደ ልማዳቸው ለየብቻ ሠርተው መቃብሩ ላይ አገጣጠሙት። ጉድ የፈላው ያን ጊዜ ነው። ደረቱ የሰፋ፣ ትከሻው የበሬ ትከሻ የሆነ ግዙፍ ወንድ ላይ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ አፉ ወደ ውስጥ የተሰበሰበ፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ጉብ አለበት!

"አባቴን መሳቂያ አደረግኸው!" አለ ጥሮፊሞስ። "ድዱን አስጥተህ መንገድ ላይ ታቆመዋለህ? አንተ ከብት!"

"እኔ ነኝ መሳቂያ ያደረግሁት? ይሄን የግላዲያተር ትከሻ የሰካህበት አንተ! አባባ እኮ ንፋስ የሚያንገዳግደው ሰው ነበር! የማንን አባት ነው የቀረጽከው?"

የማንን አባት! ይህቺ ቃል የጥሮፊሞስን ልብ ወጋችው። መሮውን ወረወረና ሄደ። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ሥራ አልነካም፤ ድንጋዩም እንዳለ ቆመ። ወደ ሮም የሚወጣ የሚወርድ የበቅሎ ነጂ ሁሉ እዚያ ጋ ሲደርስ ይስቃል፤ ሳቁን ሰፈር ድረስ ይዞት የሚመጣም ነበር።

እንግዲህ ጥሮፊሞስን የምታውቁት ሰዎች ደረቅ ነው ትሉ ይሆናል። ደረቅ ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን ሄርማስ ሲወለድ እሱ መሮ የጨበጠ ጎረምሳ ነበር። አዝሎታል፣ ንፍጡን ጠርጎለታል፣ የመጀመሪያዋን መዶሻ እጁ ላይ ያኖረለት እሱ ነው። ልጁም አፉን ሲፈታ "እማ" ከማለቱ በፊት "ጋሼ" ነው ያለው፤ እናታቸው እስክትሞት ድረስ ይህን እያነሳች ትቀና ነበር። አሁን ሽማግሌው ጥሮፊሞስ ጠዋት ጠዋት ከሸራው ወዲህ ቁጭ ብሎ የወንድሙን መዶሻ እያዳመጠ የሚናፍቀው ይህችኑ አንዲት ቃል ነበር። አንድ ጊዜ "ጋሼ" ቢለኝ ይላል በሆዱ። አንድ ጊዜ ቢለኝ ሁሉን እተወዋለሁ። ለማንም ግን አይናገርም፤ ለሚስቱም አይናገርም።

ሚስቱ ካሊስታ ናት። የሐውልት ቀለም ቀቢ ናት፤ ከንፈሩን ታቀላለች፣ ፀጉሩን ታጠቁራለች፣ የቀሚሱን ጠርዝ ሐምራዊ ታደርጋለች፣ በመጨረሻም ሰም ቀብታ በጨርቅ ትወለውለዋለች። ያለ እሷ ነጭ ድንጋይ ሬሳ ነው የሚመስለው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኳረፉ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጨመረባት፤ ከሸራው ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰች ቃል ማቀበል።

"ለዚያ ለወንድሜ ንገሪው" ይላል ጥሮፊሞስ፣ "ባለፈው የሠራው የዳኛው አፍንጫ የባዝራ አፍንጫ ይመስላል።"

ካሊስታ ሸራውን ገልጣ ትገባለች። መዶሻ በሚንጫጫበት ግቢ ከወዲያ የሚባለው ወዲህ አይሰማም። ተመልሳ ስትመጣ፣ "ወንድምህ የቀሚስህን እጥፋት አይቶ፣ በኦስትያ እንዲህ ያለ እጅ የለም አለ" ትላለች።

ጥሮፊሞስ እንጨት እንደዋጠ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ያችን ቃል ቀኑን ሙሉ ያላምጣታል። በኦስትያ እንዲህ ያለ እጅ የለም! እንዲህ ካሰበ ለምን ራሱ መጥቶ አይነግረኝም? ይልና መልሶ ይናደዳል። እሱ ይምጣ! ታናሽ አይደል?

በዚያ ዓመት፣ የክረምቱ ማዕበል አልፎ መርከብ መምጣት ሲጀምር፣ የእህል ሰፋሪዎች ማኅበር አለቃ ግቢያቸው መጣ። ወይዘሮ ፕሮኪላ የምትባል የእህል ነጋዴ መበለት የማኅበሩን አዳራሽ ጣሪያ በራሷ ወጪ አሠርታላቸው ነበርና፣ በእህል አምላክ በሴሬስ በዓል ቀን ሐውልቷ አዳራሹ ውስጥ እንዲቆም ተወስኗል። ወይዘሮዋ ራሷ መጥታ በጥሮፊሞስ ግቢ ከቆሙት ገላዎች መሐል መረጠች። የመረጠችው በሴሬስ አምሳል የተሠራችውን ነው፤ እጇ ላይ የስንዴ ዛላ የያዘች፣ ወገቧ የቀጠነ፣ መጎናጸፊያዋ ከግራ ትከሻዋ እየተንሸራተተ የሚወርድ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጃገረድ! ወይዘሮ ፕሮኪላ ደግሞ፣ አማልክት ይጠብቋትና፣ አገጯ ሦስት ድርብ ነው፣ ባለ ዕድሜ ናት፣ በር የምታልፈውም በጎኗ ነው።

"ይህቺ እኔ ነኝ" አለች ኮስተር ብላ። ማን ደፍሮ ይስቃል?

"ለበዓሉ ካልደረሰ" አለ የማኅበሩ አለቃ፣ "ከእንግዲህ የማኅበሩን ሥራ ሁሉ ከሮም ነው የምናስመጣው። ከናንተ ጋር መልእክተኛ እያቆምን መነጋገር ሰልችቶናል።"

ሄርማስ ፊቷን መቅረጽ እንደጀመረ ነገሩ ገባው። ካሊስታን ጠርቶ፣ "ለባልሽ ንገሪው" አለ፣ "የዚህች ሴትዮ አንገት ከነአገጯ ወፍራም ነው። ጉድጓዱን አንድ አውራ ጣት ያህል ያስፋልኝ።"

ካሊስታ ለባሏ ነገረችው።

"ምን ቆርጦኝ!" አለ ጥሮፊሞስ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን፣ በአባታቸው እጅ የተጠረበችውን የእንጨት ልክ አነሳ። ሁልጊዜም ጉድጓዱ የሚቆፈረው፣ የአንገቱም ጫፍ የሚጠረበው በዚች እንጨት ነው። "የአባቴ ልክ ይህ ነው። አንድ ፀጉር አላሰፋም። አንገቱን ያቅጥን በይው።"

ካሊስታ ወዲያ ሄዳ ወዲህ ተመለሰች። "እሺ ብሏል" አለች።

ጥሮፊሞስ ደስ አለው። እሺ አለ! ታናሽነቱን አልረሳም ማለት ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ገላው አዳራሹ ውስጥ መቆሚያው ላይ ተተክሎ ራሱን ይጠባበቅ ጀመር። ባለ ሦስት እግር ማንሻ ተተከለ፤ መዘውሩ ላይ ገመድ ተጠመጠመ። ከወደብ የመጡ ጠንካራ ተሸካሚዎች ገመዱን ያዙ። ሄርማስ በሱፍ ጨርቅ የተጠቀለለውን ራስ ገለጠው። ጥሮፊሞስ ላለማየት ወስኖ ነበር፤ ግን አየ። ወይ የእጅ ነገር! ወይዘሮ ፕሮኪላ ራሷ ነች። ዓይኗ ሥር ያለው እብጠት፣ ግንባሯ ላይ የተኮማተረው ቁጣ፣ ሦስቱም አገጭ። አሁን ልትናገር ነው የምትመስለው። እንዲያው ይህ ልጅ፣ አለ በሆዱ፣ ይህ ልጅ ሲችልበት!

"ሳብ! ቀስ... አውርድ... አውርድ..."

ራሱ ወረደ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰና ቆመ። አልገባም። ልኩ ያልሆነ ክዳን እንደተደፋበት ድስት፣ በአንገትና በትከሻ መሐል ክፍተቱ ተገትሮ ቀረ።

ሁለቱ ወንድማማቾች መጀመሪያ ራሱን አዩ፤ ቀጥለው ሁለቱም ዞረው ካሊስታን አዩ።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አለች የቀለም ሳህኗን መሬት ላይ አስቀምጣ። "አዎ! አንተም እምቢ አልክ፣ አንተም እምቢ ልትል ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? እሺ ብሏል አልኩ! ለአንተም እሺ ብሏል አልኩህ፣ ለአንተም እሺ ብሏል አልኩህ! ሦስት ዓመት ስድባችሁን ስሸከም ወገቤ ጎበጠ!"

"ስድብ?" አለ ጥሮፊሞስ። "እሱ እኮ የሚልከው..."

"እሱ ምንም መልካም ነገር ልኮልህ አያውቅም! በኦስትያ እንዲህ ያለ እጅ የለም ያልኩህ እኔ ነኝ። እሱ ያለውማ፣ የቀሚሱ እጥፋት የዶሮ ማነቂያ ገመድ ይመስላል ነው!" ወደ ሄርማስ ዞረች። "አንተም አትኩራ! ድንጋይ ላይ ነፍስ ይዘራል ብሎሃል ያልኩህ ውሸት ነው፤ የባዝራ አፍንጫ ነው ያለህ! በቃኝ። ከዛሬ ጀምሮ መልእክተኛ የለም። ሁለታችሁም ምላስ አላችሁ።" ይህን ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና እጇን አጣጠፈች።

ጥሮፊሞስ የቆመበት መሬት የከዳው መሰለው። ሐውልቱ እንዳይሆን መሆኑ አይደለም ያስደነገጠው። ያቺ ቀኑን ሙሉ ሲያላምጣት የኖረው ቃል ባዶ ሆነችበት። እንደ ሕፃን ማልቀስ አማረው።

የማኅበሩ አለቃ እየተቁነጠነጠ፣ "የቤተሰቡን ነገር ሌላ ቀን ታወራላችሁ፤ ነገ ጠዋት ሕዝብ ይመጣል" አለ። ሄርማስ ጎንበስ ብሎ መሮውን አነሳ። ለአንዱ ተሸካሚ፣ "ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ጉድጓዱን እኔው አሰፋዋለሁ" አለው።

ተሸካሚው ገመዱን እንደያዘ፣ "እኔ ስንዴ እንጂ ወሬ አልሸከምም" አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

ራሱን ወደ ላይ ሳቡትና ሄርማስ መሰላሉን ወጣ። አንገቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነውና ሊያሰፋ ያሰበው በግራ በኩል ነው። መሮውን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አሳርፎ መዶሻውን አነሳ። ጥሮፊሞስ ከታች ሆኖ ያያል። አፉን ለጉሞ ዝም ቢል ማን ይወቅሰዋል? ሦስት ዓመት የለመደው ዝምታ ነው።

"ሄርሜ! ተው!"

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ሄርሜ ብሎ የሚጠራው በልጅነቱ ነበር።

"እዚያ ጋ ስር አለበት" አለ ጥሮፊሞስ እየተንተባተበ። "ግራጫ ስር፣ ድንጋዩ የሚሰነጠቅበት መስመር። ከመጎናጸፊያው እጥፋት በታች ደብቄው ነው እንጂ እስከ ብብቷ ይወርዳል። አንዴ ብትመታው ትከሻው ተሰንጥቆ ይወድቃል።"

ሄርማስ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ወደ ድንጋዩ አስጠጋ። ሌላ ሰው ቢሆን አያየውም፤ ብልሃቱ ይህ ነበር። ያ የዶሮ ማነቂያ ያለው ገመድ ለካ ስሩን መሸፈኛ ኖሯል። "የቱ ጋ ነው የሚነካው ታዲያ?" አለ ወደ ታች ሳያይ።

"በቀኝ በኩል፣ ያውም ያለ መዶሻ፣ በሞረድ ብቻ። እሱም ግማሽ ጣት ነው የሚሰጥህ። ግማሹን አንገቱ መስጠት አለበት።"

"አንገቱ ከኋላ በኩል ይሰጣል" አለ ሄርማስ። "ከፊት ከነካሁት አገጯ ይሄዳል፤ አገጯ ከሄደ ሴትዮዋ ትገድለኛለች።"

ጥሮፊሞስ ሌላ መሰላል አምጥቶ ወጣ። ጎን ለጎን ሆኑ። ታላቁ ጉድጓዱን በቀኝ በኩል ይሞርዳል፤ ታናሹ የተንጠለጠለውን አንገት ከኋላ ይሞርዳል፤ የድንጋይ ብናኝ ሁለቱንም ዱቄት ቤት የዋሉ አስመሰላቸው። ቃላቸው አጫጭር ነበር፤ "ዞር አድርገው"፣ "በቃ እዚህ ጋ"፣ "ሞረዱን አቀብለኝ"። ራሱ ግን በገመዱ ላይ እየተሽከረከረ አላሠራ አለ። ሄርማስ ሲጫነው ይሸሻል፤ ሲተወው ይመለሳል።

ጥሮፊሞስ ነገሩን አየና መሰላሉ ላይ አንድ ደረጃ ወረደ፤ "አውርዱት፣ እዚህ አሳርፉት" አለ ትከሻውን እየመታ። ገመዱ ላላ ሲል የወይዘሮ ፕሮኪላ ራስ ከነክብደቱ የሽማግሌው ትከሻ ላይ ተጫነ። ጥሮፊሞስ በሁለት እጁ ጉንጯን ደግፎ ጥርሱን ነከሰ። ሄርማስ ከላይ ሆኖ ይሞርዳል። ገርር፣ ገርር፣ ገርር። ላቡ ከብናኙ ጋር እየተቦካ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። መሰላሉ ከክብደቱ የተነሣ መወዛወዝ ጀመረ፤ ይህን ያየችው ካሊስታ ከደረጃው ብድግ ብላ መሰላሉን ያዘች።

ሞረዱ ቆመ።

"ጋሼ፣ ከበደህ?"

ጥሮፊሞስ የድንጋዩን ጉንጭ ይበልጥ አጥብቆ ያዘ። "አልከበደኝም" አለ፤ ዓይኑ በብናኙ ነው ያለቀሰው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ግን አላምንም። "ሥራህን ሥራ። አልከበደኝም።"

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ሳትገባ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት ለሰኑት። ሰው ሁሉ ከልቡ እፎይ አለ፤ ያ ወሬ አልሸከምም ያለው ተሸካሚም የሄርማስን ጀርባ መታ መታ አደረገው። በማግስቱ ማለዳ ካሊስታ መጋጠሚያውን በቀለም አጠፋችው፤ ከንፈሩን አቀላች፤ የስንዴውን ዛላ ወርቃማ አደረገችው።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መጋረጃው ሲገለጥ "ውይ!" የማይል አልነበረም። ወይዘሮ ፕሮኪላ ከነታናሽ እህቷ ከነማርኪያ ፊት ለፊት ቆማ ራሷን አየች። ማርኪያ ደግሞ ምላሷን የማትይዝ ሴት ናት።

"ፊቷስ አንቺ ነሽ" አለች ጮክ ብላ፤ "ወገቡ ግን የማን ነው?"

"የኔ ነው!"

"ያንቺ? መቼ ነው አንቺ ይሄ ወገብ የነበረሽ?"

"አንቺ ሳትወለጂ!" አለች ፕሮኪላ። "አንቺ ስትመጪማ ያው ወፍሬ ነው ያገኘሽኝ። ምን ታውቂና ነው!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የማኅበሩ አለቃ ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጥሮፊሞስ ግን አልሳቀም። ጥፊ እንደቀመሰ ሰው ደርቆ ቀረ። ቀስ ብሎ ዞሮ ከአጠገቡ የቆመውን ወንድሙን አየው። ሄርማስ በሰላሙ ይስቃል፤ ፀጉሩ ገና አልሸበተም።

ግብዣው ሲጀመር ጥሮፊሞስ ወንድሙን ወደ ጥግ ወሰደውና ሁለቱም የወይን ጽዋቸውን እንደያዙ ከዓምዱ ሥር ተቀመጡ።

"አባባን ስታውቀው ጥርስ ነበረው?" አለ ጥሮፊሞስ።

ሄርማስ ፊቱ ተለወጠ። "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ያን ነገር ባናነሳው..."

"ለጠብ አይደለም። ንገረኝ።"

"አልነበረውም። እኔ ነፍስ ሳውቅ ድዱ ብቻ ነበር። አንተ ሥራ ላይ ትውላለህ፤ እማ ገበያ ትሄዳለች፤ እኔ ነኝ ዳቦውን ወይን ውስጥ እየነከርኩ የማጎርሰው። ሲያላምጥ አፉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ።" ጽዋውን አዟዟረው። "ሌላ አባት አላውቅም እኮ። ያንን አፍ ነው የማውቀው።"

ጥሮፊሞስ ራሱን ነቀነቀ። "እኔን" አለ፣ "ሉና ላይ፣ ድንጋዩ የሚወጣበት ተራራ ላይ፣ በትከሻው ነበር የሚሸከመኝ። ባሪያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈነቅል ውሏል፤ ማታ ግን እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ያን ነጭ ተራራ ይወርደዋል። ፀጉሩን ይዤ እቀመጣለሁ። ከዚያ ትከሻ ሰፊ ቦታ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አንተ ስትወለድ ግን ያ ትከሻ አልነበረም። አልቆ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ አልታየኝም።"

ሄርማስ የወንድሙን ትከሻ አየ።

"እኔን አልተሸከመኝም" አለ። "የተሸከምከኝ አንተ ነህ።"

እዚህ ላይ ሁለቱም ጽዋቸውን አነሱና ጠጡ፤ ሌላ ምን ያደርጋሉ? ካሊስታ ከሩቅ አይታቸው ወደ ሌላ ዞረች፤ ሰው ፊቷን እንዳያይባት መሆን አለበት።

"የዶሮ ማነቂያ ገመድ ብለሃል ግን?" አለ ጥሮፊሞስ።

"ብያለሁ።"

"አሁንስ?"

ሄርማስ ወደ ሐውልቱ አንጋጦ የመጎናጸፊያውን አወራረድ አጠና። "አሁንም ትንሽ ገመድ ይመስላል" አለ። "ግን በኦስትያ እንዲህ ያለ ገመድ የሚሠራ እጅ የለም።"

ሸራው በማግስቱ ወረደ። ካሊስታ ለቀለሟ ጥላ አደረገችው፤ ሦስት ዓመት የለፋሁበት ደመወዜ ነው ብላ።

የጽጌረዳው ወር ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ለሙታኑ አበባ ይዞ በሚወጣበት ቀን፣ ሦስቱም ወደ ዞሲሞስ መቃብር ሄዱ። ካሊስታ አበባውን ከምስሉ እግር ሥር አኖረች። ሄርማስ ዳቦ ቆርሶ ወይን ውስጥ ነከረና፣ ለሙታን እንደሚደረገው፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ይህን ሲያደርግ እጁ ወዴት እንደሚሄድ የለመደ እጅ መሆኑን ጥሮፊሞስ ልብ አለ።

ከሮም መንገድ አንድ የበቅሎ ነጂ መጣ። እንግዳ ነው፤ ሰፈሩን አያውቅም። ምስሉን ሲያይ በቅሎውን አቁሞ በሳቅ ተንከተከተ።

"ኧረ እዩት ይሄን ሽማግሌ! ራሱን ከማን ተበደረ? ወይስ ትከሻውን ነው የተበደረው?"

ሁለቱ ወንድማማቾች እኩል ብድግ አሉ። ነጂው ሁለት ጠራቢዎች፣ ክንዳቸው የበር መወርወሪያ የሚያህል፣ ሲመጡበት ሳቁ ጠፋ።

"ትከሻው የራሱ ነው!" አለ ሄርማስ በጣቱ እየጠቆመ። "ወንድሜ ልጅ ሳለ እዚያ ላይ ተቀምጦ ተራራ ወርዷል። አንተ ምን ታውቃለህ!"

"አፉም የራሱ ነው!" አለ ጥሮፊሞስ። "ወንድሜ በእጁ ሲያጎርሰው እንዲህ ነበር። እየው፣ ሲስቅ ነው!"

የበቅሎው ነጂ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ድንጋዩን አየ። ከበቅሎው ወረደና ቆቡን አወለቀ።

"መልካም አባት ነበረ ማለት ነው" አለ።

"ነበረ" አለ ጥሮፊሞስ፤ ቦታም ለቀቀለት። ሄርማስ ዳቦ ቆረሰለት፤ ሰውየውም ከእነሱ ጋር ተቀምጦ በላ።